ለጌም ግሩፕ የትኛው ቤት ይሻላል? ቴሌግራም፣ ዲስኮርድ ወይስ ሬዲት?

ባለፈው ክረምት ኢፉትቦል በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ውድድር አዘጋጀን። የጌሙ ስም ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም ብዙዎቻችን ዛሬም «ፔስ» ነው የምንለው። ግሩፓችን ላይ «ቅዳሜ በ2 ሰዓት» ብለን ለጠፍን። አዲስ አበባ ላለነው ነገሩ ግልጽ ነበር። ራት ተበልቶ፣ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ፣ ማታ 2 ሰዓት።

ዱባይ ያለው ልጅ በዱባይ ሰዓት 2 ላይ ገባ። እኛን በአንድ ሰዓት ቀደመን። ማንንም ሲያጣ ተናዶ ወጣ። ቨርጂኒያ ያለው ደግሞ አሜሪካ ብዙ ዓመት ስለኖረ 2 ሰዓት ሲባል የታየው የፈረንጁ ነው። በእሱ አገር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት፣ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብቅ አለ። ሲደርስ በፎርፌ ወድቋል።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ጭቅጭቁ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። በመሀሉ አንድ አዲስ ልጅ «ጌሙ ስከፍተው ይዘጋብኛል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አላየውም። ሌላው ገና የጀመርነውን ጌም መጨረሻ በስክሪንሾት ለጠፈው። አንዱ የጌም አካውንት ሊሸጥ መጣ። አራት ዓይነት ወሬ በአንድ ክፍል ውስጥ።

በነጋታው አድሚኖቹ ተሰብስበን 19 ሕግ ጻፍን። ማንም አላነበበውም። እኔም ዛሬ ሦስቱን ጥቀስ ብትሉኝ አልችልም። ቆይቶ ነው የገባን፤ ሕግ ከመጻፋችን በፊት ቤት መምረጥ ነበረብን። ማድ ቤት ያለው ቤት ውስጥ «ሳሎን ላይ ሽንኩርት አትክተፉ» የሚል ወረቀት አይለጠፍም። ግሩፕም እንደዚያው ነው። ቤቱ ግማሹን ሕግ ይጽፍላችኋል። የቀረውን ግማሽ ብቻ ነው እናንተ የምትጽፉት።

ስለዚህ ከቤቶቹ ልጀምር።

ተራው የቴሌግራም ግሩፕ

ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም ሰው እዚያ መኖሩ ነው። አዲስ አፕ አውርዱ፣ አዲስ አካውንት ክፈቱ ብሎ መለመን የለም። ፓኬጅ ብዙም አይበላም። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ስልክ ቁጥርን ደብቆ በዩዘርኔም ብቻ መግባት ይቻላል፤ ይህ ለማታውቁት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሁሉም ነገር በአንድ መስመር መፍሰሱ ነው። 30 ሰው ሲሆን ደስ ይላል። 300 ሲሆን ግን ጠዋት ስትነሱ 412 ያልተነበበ መልእክት ይጠብቃችኋል፤ የሚረባው ሦስቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤት የሚያስፈልገው ሕግ ስለ ርዕስ ሳይሆን ስለ አጻጻፍ ነው።

የመጀመሪያው የሰላምታ ነገር ነው። ጨዋ ሕዝብ ነን፤ ሰላም ሳንል አንጀምርም። ግን ተመልከቱት፦

«ሰላም»
«እንዴት ናችሁ ልጆች»
«አንድ ጥያቄ ነበረኝ»
«መጠየቅ ይቻላል?»

አራት ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ጥያቄው ገና አልመጣም። ሰላምታውን አትከልክሉ። «ሰላምታውም ጥያቄውም በአንድ መልእክት ይሁን» በሉ፤ በቂ ነው። ሁለተኛው፣ ለሰው ስትመልሱ ሪፕላይ አድርጉ። ያለ ሪፕላይ የተጻፈ «አዎ» ለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሦስተኛው ቮይስ ነው። የሦስት ደቂቃ ቮይስ ታክሲ ውስጥ አይሰማም፣ በኋላም ተፈልጎ አይገኝም። እኔ ብሆን ከ30 ሰከንድ በላይ የሆነውን እከለክላለሁ። ሰው ይናደዳል፤ ይናደድ።

ጭቅጭቅ ሲግል ለአድሚን ጥሩ መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ ሰው ቀጣዩን መልእክት ለመላክ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። 5 ደቂቃ አድርጉት። የተቆጣ ሰው 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚሳደብበት ወኔ የለውም፤ ጭቅጭቁ በራሱ ይሞታል።

አንድ ነገር ግን ቤቱ አይጽፍላችሁም። ሴት መሆኗ ከፕሮፋይሏ የሚታወቅ ልጅ ግሩፕ በገባች ማግስት ኢንቦክሷ ይሞላል። «ጌም እንጫወት» በሚል ይጀመርና ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። «ሰው ኢንቦክስ ከመግባትህ በፊት ግሩፑ ላይ አስፈቅድ» የሚለውን ሕግ ከሁሉም በላይ አድርጉት። ስክሪንሾት ከመጣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ በቀጥታ ማስወጣት ነው።

ቶፒክ ያለው ቴሌግራም

ቴሌግራም ከ2022 (እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው) ጀምሮ ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል ፈቅዷል። አድሚኑ ከግሩፑ ሴቲንግ ያበራዋል። ከዚያ ያው ግሩፕ ክፍሎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ሰው የማይፈልገውን ክፍል ድምፁን ያጠፋል። ውድድር ብቻ የሚፈልግ ሰው ወሬውን አይሰማም።

የእኛ ቤት መጨረሻ ላይ ይህ ሆነ። መጀመሪያ ግን ተሳሳትን፤ 17 ክፍል ከፈትን። ለእያንዳንዱ ጌም አንድ፣ ለሙዚቃ አንድ፣ ለልደት እንኳን አንድ። ባዶ ክፍል ደግሞ ያስጠላል። ሰው ገብቶ ለሁለት ሳምንት የተጻፈ ነገር ካጣ ተመልሶ አይመጣም። አሁን አምስት ብቻ ነው ያለን፦ ቀጠሮ፣ እርዳታ፣ ወሬ፣ ስፖይለር (የጌምን ታሪክ ወይም መጨረሻ አስቀድሞ የሚያወጣ ወሬ)፣ ገበያ። ስማቸውን አጭር አድርጉት። «የጌም ነክ ቴክኒካዊ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው» ብላችሁ ብትጽፉ ስልክ ላይ «የጌም ነክ ቴ…» ብቻ ነው የሚታየው።

ድካሙ የተሳሳተ ክፍል የሚጽፉትን ማስተካከል ነው። መልእክትን አንስቶ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር አይቻልም። ፎርዋርድ አድርጎ የመጀመሪያውን ማጥፋት ነው። ስለዚህ አድሚኑ ሰው ሳያሳፍር ማድረግን መልመድ አለበት። «ወንድሜ ጥያቄህን እርዳታ ላይ አድርጌልሃለሁ፣ መልሱ እዚያ ይመጣል» ብሎ መጻፍ 5 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። «ሕጉን አታነብም እንዴ?» የተባለ አዲስ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

ዲስኮርድ

ዲስኮርድ በ2015 ሲወጣ ጀምሮ ለጌመር የተሠራ ነው፤ ያስታውቃልም። የሚገርመው የድምፅ ክፍሉ ነው። መደወል የለም። ክፍሉ ሁሌም ክፍት ነው፤ ትገባላችሁ፣ ያለ ሰው ካለ ታወራላችሁ፣ ሲበቃችሁ ትወጣላችሁ። ጌም ቤት ገብቶ «ማን አለ?» እንደማለት ነው። ቡድን ሆኖ ለሚጫወት ሰው፣ ለምሳሌ ለፐብጂ አራት ሆናችሁ ስትወርዱ፣ ይህን የሚተካ የለም።

ሕግ ለማስከበርም ጠንካራ ነው። አዲስ ሰው ሕጉን «ተስማምቻለሁ» ሳይል እንዳይጽፍ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ክፍል ውስጥ በመልእክትና በመልእክት መካከል እስከ 6 ሰዓት ማስጠበቅ ይቻላል። ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ርዕስ የሚከፈቱበት የክፍል ዓይነትም አለ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የተከለከለ ቃል ያለበትን መልእክት ገና ሳይለጠፍ የሚይዝ ማጣሪያ አለው።

ማጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። አንዱን ስድብ መከልከል ፈለጋችሁ እንበል። ስድቡ ውስጥ «ሰ» ካለ ልጁ በ«ሠ» ይጽፈዋል። «ሀ» ካለ «ሐ»ም «ኀ»ም አለለት። በመሀል ነጥብ ያስገባል። እምቢ ካለው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፣ ያውም በአምስት ዓይነት። እኛ ለአንድ ቃል 11 አጻጻፍ መዝግበን በ12ኛው ተሸወድን። ማጣሪያው ይረዳል፣ ግን አማርኛ የሚያነብ ሰው አይተካም።

ታዲያ ለምን እዚያ አልኖርንም? ሰው አልመጣማ። ሊንኩን ስንልክ ሁሉም የአውራ ጣት ምልክት አደረገ። የገባው ከሩቡ ያነሰ ነው። ስልኩ የሞላበት አለ፣ ፓኬጅ የሚቆጥብ አለ፣ «ቴሌግራም ምን ሆነ?» የሚል አለ። ሌላም አለ። ኤምሬትስ ውስጥ የኢንተርኔት ጥሪ ገደብ ስላለበት፣ ልጆቻችሁ እዚያ ካሉ በድምፅ ክፍሉ ላይ ከመተማመናችሁ በፊት አንዱ ይሞክረው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ አብዛኛው ሰዋችሁ በኮምፒውተር የሚጫወት ከሆነ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ዲስኮርድ። አብዛኛው በስልክ የሚጫወትና አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለ ከሆነ ቶፒክ ያለው ቴሌግራም። ሁለቱንም እንከፍታለን የሚል አለ። አትክፈቱ። አንዱ መሞቱ አይቀርም፤ እስኪሞት ድረስ ደግሞ ሁለት ቦታ ታስተዳድራላችሁ።

ሬዲትና ሌሎቹ

ሬዲት ከ2005 ጀምሮ አለ፤ አሠራሩ ይለያል። ጽሑፍ ወደ ላይ የሚወጣው በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን አንባቢው በሚሰጠው ድምፅ ነው። ትልልቆቹ የጌም ማኅበሮች ደግሞ የርዕስ ሕግ ምን ያህል ቤትን እንደሚለውጥ ያሳያሉ። «ጌሚንግ» የሚባለው ፎቶውንም ቀልዱንም ትዝታውንም ይቀበላል። «ጌምስ» የሚባለው ቀልድና ሜም አያስገባም፤ ዜናና ውይይት ብቻ። ርዕሱ አንድ ነው፣ ሕጉ ብቻ ነው የተለየው። ግን ሁለቱን ስታነቡ ጠጅ ቤትና ቤተ መጻሕፍት የገባችሁ ይመስላችኋል። «ጌምስ» በሚያዝያ 1 ቀን 2019 ለአንድ ቀን ተዘግቶ ነበር። ሌላው ሁሉ በአፕሪል ዘ ፉል ሲቀልድ፣ አድሚኖቹ በጌመሮች መካከል ስላለው ስድብና ጥላቻ እንነጋገር ብለው ነው የዘጉት።

ለአማርኛ ግሩፕ ሬዲትን አልመክርም። ለማንበብና በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ግን ሂዱ። ስትሄዱ ሦስት ነገር ያዙ። ከመጠየቃችሁ በፊት ፈልጉ፤ ጥያቄያችሁ ከዓመታት በፊት ተመልሷል። የራሳችሁን ዩቱዩብ ሊንክ ይዛችሁ አትግቡ፤ ወዲያው ይታወቅባችኋል። ሰው ያልተስማማችሁበትን ስለጻፈ ብቻ ድምፅ አትቀንሱበት። የቤቱ ልማድ ድምፅ የሚሰጠው ለሚረባ ነገር እንጂ ለምንስማማበት አይደለም የሚል ነው። በተግባር ብዙው ሰው አይጠብቀውም፤ እናንተ ጠብቁት።

ስቲም ላይ እያንዳንዱ ጌም የራሱ መወያያ አለው። ብልሽት ለመጠቆም ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው ይመልሳሉ። ለወሬ አይሆንም። ፌስቡክ ግሩፕ ረጅም ጽሑፍ ያስተናግዳል፣ ለቀጠሮ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የትናንቱን ውድድር ዛሬ ያሳያችኋል። ዋትሳፕ በዘመድ አዝማድና በሥራ ባልደረባ መካከል ጥሩ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች በሚገናኙበት የጌም ግሩፕ ግን ስልክ ቁጥር ስለሚታይ አልወደውም።

ትንሽ ወደ ኋላ

እነዚህ ሕጎች የትናንት ፈጠራ እንዳይመስሏችሁ። ዩዝኔት የሚባለው መረብ በ1979 አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው የታሰበው። በኋላ ስለ ጌም ብቻ የሚወራባቸው ብዙ ክፍሎች ነበሩት። የዚያን ጊዜ ሰው የጌም መጨረሻ ሲጽፍ ከላይ ብዙ ባዶ መስመር ይተው ነበር፤ ማየት የማይፈልግ እንዳያየው። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በ13 ቦታ ገፍተው ይጽፉት ነበር። ለማንበብ መፍታት ያስፈልጋል።

በጥቅምት 1995 የኢንቴል ሠራተኛ የነበረችው ሳሊ ሃምብሪጅ የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ አጠናቅራ አወጣች። ከሁሉም የሚገርመኝ ምክሩ አዲስ ሰው ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብሎ ያንብብ የሚለው ነው። ሁለት ወር! እኛ ጋ ሁለት ሰዓት የሚታገሥ ካለ አድሚን እናደርገዋለን። በትልልቅ ፊደል መጻፍ እንደ መጮህ ነው የሚለውም እዚያ አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ድነናል። ግን የመጮኺያ መንገድ አላጣንም፦ «ኧረረረረረ ተዉዉዉ!!!!!!» እና ሰባት ስቲከር በተከታታይ።

ርዕሱ ይጥበብ ወይስ ይስፋ?

የአንድ ጌም ግሩፕ ውይይቱ ጥልቅ ነው፣ ዕድሜው ግን አጭር። ጌሙ ሲቀዘቅዝ ግሩፑም ይቀዘቅዛል። የሁሉም ጌም ግሩፕ ይቆያል፣ ግን ይበተናል። እኔ ሰፊውን ከነክፍሎቹ እመርጣለሁ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን አትከልክሉ። አይቻልም። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ባለበት ቤት እሁድ ማታ ዝም የሚያሰኝ አድሚን አልተወለደም። ክፍል ስጧቸው።

ፖለቲካ፣ ብሔርና ሃይማኖት ግን በአንድ መስመር ይዘጉ። የትኛውም ወገን ቢሆን፣ ልክ ቢሆንም ባይሆንም፣ ይጠፋል። አድሚኑ ምክንያት እየጠቀሰ መከራከር ከጀመረ አልቋል፤ እሱም ገብቶበታል ማለት ነው።

ስፖይለር

ሦስት አማራጭ አለ። በጊዜ መገደብ፣ በመሸፈን፣ ወይም የራሱ ክፍል መስጠት። ብዙ የውጭ ግሩፖች «ጌሙ ከወጣ ይህን ያህል ሳምንት ድረስ» ይላሉ። እኛ ጋ አይሠራም። አዲስ ጌም በወጣበት ቀን ገዝቶ የሚጫወት ስንት ሰው አለ? ብዙዎቻችን ዋጋው ሲወርድ ወይም ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲደርሰን ነው የምንጀምረው። በ2018 የወጣውን ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ዘንድሮ የጀመረ ጓደኛ አለኝ። መጨረሻውን ልንገረው?

ስለዚህ ሁሌም መሸፈን። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍም ፎቶም መሸፈን ይቻላል፤ ዲስኮርድ ላይ ከቃሉ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ቋሚ መስመር ማድረግ ነው። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የጌሙ ስም አይሸፈንም። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ መልእክት ካየሁ ልክፈተው ወይስ ልተወው በምን አውቃለሁ? ስሙን ከላይ በግልጽ፣ የቀረውን ተሸፍኖ። «አልነግራችሁም ግን መጨረሻው ላይ አለቀስኩ» የሚለውም ስፖይለር ነው፣ አትሸወዱ።

ብሽሽቅና ስድብ

ብሽሽቅ የሌለበት የጌም ግሩፕ የለቅሶ ቤት ነው። ጥያቄው ድንበሩ የት ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ግሩፕ ሁሉንም ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ «በመከባበር» ብሎ ሁሉንም ያፍናል። እኛ መሀል ላይ አሰመርን፦ ጨዋታውን እንጂ ተጫዋቹን አይደለም።

«ግብ ጠባቂህ ዛሬ ተኝቶ ነበር እንዴ?» ይፈቀዳል። «ጆይስቲኩን ለታናሽህ ስጠው» ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይበረታታል። እናት፣ ብሔር፣ እምነት፣ መልክ፣ ሴትነት ከተነሳ አይፈቀድም። አንድ ተጨማሪ አለን፦ የተበሻሸቀው ሰው «በቃ» ካለ በቃ ነው። የሳቀ እየመሰለ የሚናደድ ሰው አለ። ሙድ መያዝ ሲረዝም ስድብ ነው።

«መብራት ሄዶብኝ ነው» የሚለውን ደግሞ እንዴት ታደርጉታላችሁ? እውነት ሊሆን ይችላል። 3 ለ0 እየተመራ ሲሄድበት ግን ሰው ይጠራጠራል። እኛ በአንድ ውድድር ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ እናምናለን፤ ውጤቱ ከቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛ ከሄደበት መብራት ኃይልን ይውቀስ።

ገበያ

እዚህ ላይ አላመነታም። አካውንት መሸጥና መግዛት ይከልከል። አንደኛ፣ እንደ ፐብጂ ሞባይል ያሉ ጌሞች ደንብ አይፈቅደውም፤ የገዛችሁት አካውንት ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሻጩ የመጀመሪያው ኢሜይል በእጁ ካለ ብሩን ተቀብሎ ከሳምንት በኋላ አካውንቱን መልሶ ይወስደዋል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ልጆች በዚህ ተበልተዋል። ያመኑት ደግሞ ግሩፑን አምነው ነው።

ዕቃ ግን ይሸጥ። ያገለገለ ጆይስቲክ፣ ዲስክ፣ ስልክ። ሕጉ ዋጋ፣ የራስ ፎቶ እና ሰፈር ይጻፍ ነው። «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚል ይጠፋል። ከፍያለሁ ብሎ የቴሌብር ስክሪንሾት የሚልክ ካለ ሻጩ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ይይ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ በስልክ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። የተሰበረ ጌም፣ «ሃክ» እና ከማይታወቅ ቦታ የሚወርድ አፕ ሊንክ ደግሞ ወዲያው ይጥፋ። ቫይረሱን የሚያመጣው ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ እንዴት ይጠየቅ?

ያ የክረምቱ ልጅ ትዝ ይላችኋል? «ጌሙ ስከፍተው ይዘጋብኛል» ያለው። ብናየውም መመለስ አንችልም ነበር። የትኛው ጌም? የትኛው ስልክ? አሁን እርዳታ ክፍል ላይ ይህን ፒን አድርገናል፦

«ጌም፦ ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል። ስልክ፦ 4 ጊጋ ራም፣ ባዶ ቦታ 1 ጊጋ። የሚሆነው፦ ሎጎው ይመጣል፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ይዘጋል። ከመቼ ጀምሮ፦ ከትናንቱ አፕዴት በኋላ። የሞከርኩት፦ ስልኩን አጥፍቼ አብርቻለሁ።»

እንዲህ ሲጻፍ መልሱ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ውስጥ ነው። ባዶ ቦታ 1 ጊጋ ወንድሜ፣ ፎቶህን ቀንስ።

በፊደል ወይስ በላቲን?

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ፊደል ግን የማያነቡ አሉ። «በፊደል ብቻ» ካላችሁ እነሱን አወጣችኋቸው። በላቲን ብቻ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቃል በስድስት ዓይነት ስለሚጻፍ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እኛ ወሬውን ነፃ ተውነው። ቀጠሮና ሕግ ብቻ በሁለቱም ይጻፋል። አድሚኑን ያደክማል፣ ግን ቴል አቪቭ ያለው ልጅ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

ሰዓቱስ?

ከ19ኙ ሕግ አሁን 6 ነው የቀረው፤ አንዱ ስለ ሰዓት ነው። ቀጠሮ ክፍል ላይ በዚህ መልክ ካልተጻፈ ይጠፋል፦

«ቅዳሜ። አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት። በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባና ቴል አቪቭ 20፡00፣ ዱባይ 21፡00፣ ስቶክሆልም 19፡00፣ ቨርጂኒያ 13፡00።»

ይህ የክረምቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አጋማሽ ግድም እስራኤልና አውሮፓ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ አሜሪካ በሳምንቱ ትከተላለች። እኛና ዱባይ ባለንበት ነን። የዚያን ሰሞን ቨርጂኒያ 12፡00 ይሆናል፣ ቴል አቪቭ 19፡00። ባለፈው ጥቅምት ይህን ረስተን ነበር። ያስታወሰን ያው በፎርፌ የወደቀው ልጅ ነው። አሁን የቀጠሮ ክፍሉ አድሚን እሱ ነው፤ አርብ አርብ ማታ «ነገ በእኔ ሰዓት ስንት ነው?» የሚሉትን እሱ ይመልሳል።